ክፍቱን የሚያድር ኮምፒውተር

በቀለም ፋብሪካው ውስጥ ሴትየዋን በስሟ የሚጠራት የለም። «ገመዴ» ነው የሚሏት። ትከሻዋ ላይ የተጠቀለለ የኔትወርክ ገመድ ሳታንጠለጥል ግቢውን አቋርጣ ስለማታውቅ መጀመሪያ ዘበኞቹ ለቀልድ አወጡላት፤ ከዚያ ቀልዱ ተረሳና ስሙ ቀረ። እሷም አትቆጣም። እንዲያውም አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ መሃል እውነተኛ ስሟን ከነአባቷ ቢጠሩት፣ ይቺ ደግሞ ማን ናት ብላ ወደ ኋላዋ ዞራ አይታለች።

ሥራሽ ምንድን ነው ለሚላት ማስረዳት ይቸግራታል። ባሏ አውቶብስ ነጂ ነው፤ «የኔ ሚስት የማይታይ መንገድ ነው የምትጠግነው» ይላል፣ ሰው ሲጠይቀው። እውነቱን ነው። የቢሮውን ኮምፒውተሮች፣ መጋዘኑን፣ ሚዛኑን፣ ቀለም የሚማሰልባቸውን ታላላቅ ታንከሮች የሚያዘውን ማሽን፣ ሁሉንም እርስ በርስ የምታነጋግረው እሷ ናት። ነገሩ ሲሠራ ማንም አያስታውሳትም። የቆመ ዕለት ግን ግቢው በሙሉ «ገመዴ የት ገባች?» ብሎ ይጮኻል። ወይ የሰው ነገር!

እዚህ ፋብሪካ ያስገቧት አጎቷ ናቸው። አባቷ ሲሞት ገና የወተት ጥርሷ አልተነቀለም ነበር። የአባቷ ታላቅ ወንድም ልጅ አልነበራቸውም፤ እሳቸውና ሚስታቸው ወሰዷት፣ አሳደጓት፣ አስተማሯት። ሚስታቸው ካለፉ ወዲህ ለሽማግሌው የቀራቸው ነገር ሁለት ነው፤ ሥራቸውና ይቺው ያሳደጓት። የመደባለቂያው ክፍል የፈረቃ አለቃ ናቸው። ቀለም ሲበጠብጡ ዕድሜያቸውን ስለጨረሱ ሠራተኛው «ጋሼ በጥባጩ» ይላቸዋል። ስሙን ብቻ የሰማ እንግዳ መንደር የሚያምስ ሰው ይጠብቃል፤ እሳቸው ግን ለድመት እንኳ መንገድ የሚለቁ ሰው ናቸው። አንድ አመል ብቻ አለባቸው፤ ከያዙ አይለቁም። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባል የለ? እሳቸው ደግሞ የወለዱት ስለሌለ ምን ያስፈራቸዋል!

ነገሩ የተጀመረው ፋብሪካው ኮምፒውተሮቹን ላድስ ባለ ጊዜ ነው። ሰርቨሩ አርጅቶ ሙቀት ሲመጣ ያቃስታል። የቫይረስ መከላከያው ፈቃዱ ካለፈ ቆይቷል፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንዲሉ፣ ስሙ አለ እንጂ እሱ የለም። በዚህ መሃል አንድ የሳሙና ፋብሪካ ቫይረስ ገብቶበት ሥራ አቁሞ መክረሙ ተሰማ። ሥራ አስኪያጁ ክው አሉ። ገመዴን አስጠሩና «የምትፈልጊውን ሁሉ አድርጊ፣ ብቻ እኛ ቤት እንዳይገባ» አሏት። እሷ እኮ ይህን ቃል ስትጠብቅ ነው የኖረችው። አዲስ ሰርቨር ተተከለ። የቢሮውን ኔትወርክ ከማሽኖቹ ኔትወርክ ለይታ በመሃላቸው አጥር አጠረች፤ ሒሳብ ክፍል በኢሜይል ያመጣው በሽታ ታንከሮቹ ጋ እንዳይደርስ። ቀጥላም ሁሉም ሠራተኛ የየራሱ የይለፍ ቃል ይኑረው፣ ከውጭ የመጣ ፍላሽ ማንም አይሰካ ብላ ደነገገች።

ቢሮው እያጉረመረመም ቢሆን ተቀበለ። እምቢ ያለው መደባለቂያ ክፍል ነው።

እዚያ ክፍል የቆየ ልማድ አለ። ፈረቃ ሲቀየር የሚወጣው ሰው ኮምፒውተሩን አይዘጋም። ቀጥሎ የሚሠራውን ቀለም ከነመጠኑ ስክሪኑ ላይ ያወጣል፣ ወንበሩን ይጠርጋል፣ ለሚገባው ክፍቱን ትቶለት ይሄዳል። ድንገት ቢጠፋ ተረኛው እንዳይቸገር፣ ፓስዎርዱም ፕላስተር ላይ ተጽፎ ስክሪኑ ግንባር ላይ ተለጥፏል። መዝጋት ነውር ነው። ዘግቶ የሄደ ሰው በማግስቱ ሰላምታ አይጠብቅ፤ «በር ዘግተህብኝ ሄድክ» ይባላል። ይህን ልማድ ያመጣው ማን ይመስላችኋል? ጋሼ በጥባጩ ናቸዋ!

እንግዲህ ገመዴ ነገሩን ከአጎቷ ጋር ቤት ቁጭ ብላ መነጋገር ነበረባት። እኔ ብሆን እንዲያ ነበር የማደርገው። እሷ ግን ሥራ ሌላ ቤት ሌላ ብላ፣ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ገባችና ፕላስተሩን ላጠችው።

«ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሲወጡ ይዘጋሉ። ክፍት ከሆነ ማንም ገብቶ የፈለገውን ይነካካል» አለች።

ሽማግሌው የተላጠውን ቦታ አዩት። «ማንም ማለት ማነው? እዚህ ክፍል ሌባ አለ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ሌባ አላልኩም!»

«ቁልፍ የሚገዛው ለሌባ ነው። ከነዚህ መሃል የትኛው እንደሆነ ጠቁሚኛ።»

ከእሳቸው ቀጥሎ የሚገባው የፈረቃ አለቃ፣ በር ባለፈ ቁጥር አንገቱን የሚሰብረው «ረጅሙ»፣ ጣሪያ ጣሪያውን ያይ ጀመር። ገመዴ ጭንቅ ሲላት «ጋሼ፣ ዘመኑ እኮ ተቀይሯል» አለች። ቃሉ ገና ከመውጣቱ ጥፋቷ ታወቃት፤ ምን ያደርጋል፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

«ዘመኑ ከተቀየረ እኔም ልቀየርለታ!» አሉ አጎቷ። «ጡረታዬን እጠይቃለሁ። እስክወጣ ድረስ ግን ተረኛ ላይ አልዘጋም።»

ከዚያን ቀን ወዲህ ኩርፊያ ሆነ። በእረፍት ቀን እሷ ቤት ምሳ የሚበሉት ሰውዬ መምጣት ተዉ። እሷ ስትሄድ በሩን ይከፍቱላታል፣ ሻይ ያፈሉላታል፣ «ልጆቹ ደህና ናቸው?» ይላሉ፣ ከዚያ ሬዲዮውን ይከፍቱና ዝም። ተሰድባ ብትባረር ይሻላት ነበር። አንድ ቀን ከእሳቸው ቤት ስትመለስ አውቶብስ ውስጥ አለቀሰች፤ ነጂው ደግሞ ባሏ ነበርና በመስታወቱ አያት።

ማታ ቤት ሲገቡ «ምን ሆነሽ ነው?» አላት።

«አባቴ አሁን ገና ሊሞትብኝ ነው» አለች። «ተቀይሞኝ ጡረታ ከወጣ በዚያ ባዶ ቤት ግድግዳ ሲያይ ነው የሚውለው። እኔንም አያስጠጋኝ። ምን ይሻለኛል?»

በቤቷ ውስጥ ስታወራ «ጋሼ»ም «እርስዎ»ም ይቀራል፤ በሆዷ የምትጠራቸው እንደ አባት ነው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለ ባሏ። «ለምን ክፍቱን እንደሚተዉት ጠይቀሻቸዋል?»

«ለምን አለው እንዴ? ልማድ ነዋ!»

«እኔ አውቶብሱን ዳገት ላይ ሳቆም ጎማው ሥር ድንጋይ የማስገባው ልማድ ሆኖብኝ ይመስልሻል? አንዴ ያለ ሹፌር ሄዳ የሰው አጥር ስላፈረሰችብኝ ነው።»

ሳቀች እንጂ ምክሩን ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው። የጡረታ ጥያቄው ከመግባቱ በፊት እንዴት አድርጋ እንደምትታረቅ ስታሰላስል ከረመች፤ ስለ ኮምፒውተሩ ግን ትክክል እኔ ነኝ ብላ እንዳለች ነበረች። እሱ ላይ እሷም ያው የአጎቷ አመል አለባት፤ ከያዘች አትለቅም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የሚዛን ጠጋኝ መጣ። ከውጭ የሚጠራ፣ ሁሉም የሚወደው፣ ወሬ የሚያውቅ ሰው ነው። የመደባለቂያውን ሚዛን አስተካከለና ውጤቱን ማተም ፈለገ። ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ ክፍት ነው። «ልጠቀምበት?» አለ። ጋሼ በጥባጩ በእጃቸው ግባ አሉት፤ እንግዳ እንዴት ይከለከላል? ሰውዬው ፍላሹን ሰካ። በየፋብሪካው ሲዞር የከረመ ፍላሽ ነበር፤ ምን ተሸክሞ እንደመጣ እሱም አያውቅ።

ብዙም ሳይቆይ ስክሪኑ ጠቆረና በባዕድ ቋንቋ ቀይ ጽሑፍ አወጣ። ከዚያ ታንከሮቹ አንድ በአንድ ቆሙ። ያ ሲያጓራ የሚውል ክፍል ዝም ሲል፣ ጸጥታው ራሱ ያስደነግጣል።

ቀለም ደግሞ ከቆመ ጠላት ነው። ሲማሰል ካልቆየ ዱቄቱ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ዘቅጦ ከደደረ ድንጋይ ነው፣ ታንከሩንም ይዞ ይሞታል።

«ማማሰያ!» ብለው ጮኹ ጋሼ በጥባጩ። «ከመጋዘን ጀርባ ያሉትን የእንጨት ማማሰያዎች! ሮጥ በሉ!»

ገመዴ ስትደርስ ሰዉ በየታንከሩ አፍ ዙሪያ መሰላል ላይ ቆሞ፣ ቁመቱን በሚያክል እንጨት ያማስላል። መጀመሪያ ያደረገችው የክፍሉን ገመድ መንቀል ነው። ቢሮው ደህና ነበር፤ አጥሩ ሠርቷል። ምን ዋጋ አለው፣ ጅቡ የገባው ከአጥሩ ወዲህ ነው። ጠረጴዛ ሥር ተንበርክካ የታመመውን ኮምፒውተር አወጣችና ተተኪውን ማዘጋጀት ጀመረች። የቀለሞቹን መጠን ሁሉ ከኔትወርኩ ውጭ ለብቻው ባስቀመጠችው ዲስክ ላይ ገልብጣ ይዛ ነበር፤ ይህ ባይኖር ኖሮ ፋብሪካው አለቀለት። መገልበጡ ግን እንደ ቀንድ አውጣ ይንፏቀቃል። ላይ ደግሞ ሰው እየደከመ ነው። የሒሳብ ክፍሎቹ ከረባታቸውን እየጣሉ መጡ። አጎቷ ሸሚዛቸው በሰማያዊ ቀለም ተለውሶ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ከመሰላሉ አልወርድ አሉ።

ያን ስታይ ደሟ ፈላ። «ይኼ ኮምፒውተር ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ይኼ ሁሉ ይመጣ ነበር?» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለአየሩ።

አጠገቧ ሲያማስል የነበረው ረጅሙ ሰማት። «ተዘግቶ የመጣውንም እኔ አይቻለሁ» አላት፣ እጁን ሳያቆም።

«ምን መጣ?»

«መጀመሪያ ኮምፒውተር የገባ ጊዜ ነዋ። ፓስዎርዱን የሚያውቀው አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ የአጎትሽ ጓደኛ። ሚስትህ ምጥ ይዟታል ተባለ፤ እንደታዘዘው ዘጋና ሮጠ። ከኋላው መብራት ሄዶ ሲመጣ ታንከሩ አልነሳ አለ። እኛ ምን እናውቃለን? ኮምፒውተሩ ስምህን ንገረኝ ይላል፣ እኛ እንለምነዋለን። ታንከሩ ድንጋይ ሆነ። አጎትሽ ናቸው ውስጡ ገብተው በመሮ ሲፈነቅሉት የሰነበቱት፤ ይቺ የማትለቃቸው ሳል ከዚያ ናት። ልጁን ሚስቱ በወለደች በማግስቱ አባረሩት። ጋሼ ያኔ ማሉ፤ ከእንግዲህ በዚህ ክፍል ቁልፍ በማጣት የማንም እንጀራ አይዘጋም አሉ።»

ገመዴ ድንጋይ ስለሆነው ታንከር ከልጅነቷ ጀምሮ ሰምታለች። ከቁልፍ ጋር የተያያዘ መሆኑን ግን ማንም አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ጠረጴዛው ሥር እንዳለች ፊቷ በሐፍረት ጋለ። ሰውዬው ለሰው ብለው የያዙትን ነገር፣ እሷ እንደ አሮጌ ፕላስተር ነው ላጥ ያደረገችው።

ኮምፒውተሩ ተነሳ። የመጀመሪያው ታንከር ጉርር ብሎ ሲዞር ሰዉ እልል አለ፤ አንዱ ሒሳብ ሠራተኛ ማማሰያውን አቅፎ ይጨፍር ነበር። አንድም ታንከር አልሞተም።

ደስታው ሳይበርድ ሥራ አስኪያጁ መጡ። ሁሉንም እዚያው አቆሙና ወደ ገመዴ ዞሩ። «ከየት ነው የገባው?»

«ከዚህ ክፍል።»

«ተረኛው ማን ነበር?»

ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አልተነፈሰም። ረጅሙ እግሯን ረገጥ አደረጋት፤ ሆድ ይፍጀው ማለቱ ነው። ብትናገር አጎቷ ጡረታ አይወጡም፣ ይባረራሉ፤ እንደዚያ እንደ ጓደኛቸው። ዝም ብትል ደግሞ ነገ ሌላ ፍላሽ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ማማሰያ ላይደርስ ይችላል። አጎቷን አየቻቸው። ፊታቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ፤ አያዩዋትም።

«ተረኛው አጎቴ ናቸው» አለች። «ኮምፒውተሩ ክፍት ነበር። እንግዳ ፍላሽ ሰካበት። ክፍቱን ካደረ ነገም ይገባል፤ ይኼ ልማድ መቅረት አለበት።»

ከኋላ አንድ ሰው «ወይኔ!» ሲል ተሰማ።

«አልጨረስኩም» አለች ገመዴ። «ለምን ክፍት እንደሚተው ሳልጠይቅ ዝጉ ያልኩት እኔ ነኝ። ኮምፒውተሩ ሲቆም ታንከሩም የሚቆም ከሆነ፣ ዝጉ ማለት ሰውን አስሮ እሳት መለኮስ ነው። በየታንከሩ ላይ ኮምፒውተር ኖረም አልኖረም የሚያዞር ማብሪያ ይገጠም። ለያንዳንዱ ሰው ነካ ሲያደርገው የሚከፍትለት ካርድ ይሰጠው፤ አንዱ ቢታመም፣ ቢሮጥ፣ ሌላው በራሱ ካርድ ይገባል። እንግዳ የሚያትምበት ሌላ ኮምፒውተር በር ላይ ይቀመጥ። ይኼ ሳይደረግ አጎቴን የሚቀጡ ከሆነ፣ እኔን ያስቀድሙ።»

ሥራ አስኪያጁ በቀለም የተለቃለቀውን ሕዝብ አዩ፤ የሚዞሩትን ታንከሮች አዩ። ቢቆጡ ማንን ይቆጣሉ? «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ ቶሎ በይ» አሉና ወጡ። ማንንም አልቀጡም።

ጋሼ በጥባጩ ግን አንድ ቃል ሳይናገሩ ጨርቃቸውን ሰቅለው ሄዱ። ገመዴ በሰው ፊት ጠቁማ አጋልጣቸዋለች፤ ከእንግዲህ ሻዩም አይፈላላት። ቤቷ ገብታ «አለቀ» አለች ለባሏ። እሱም ለዚህ የሚሆን ቀልድ አልነበረውም።

ማብሪያዎቹ ተገጠሙ። አዲሱ ኮምፒውተር በር ላይ ተቀመጠ። የካርድ ምዝገባው ቀን ደረሰና ገመዴ ሰርቨር ክፍሏ ውስጥ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ቢሮው መጣ፣ መጋዘኑ መጣ፣ ዘበኞቹ መጡ። ከመደባለቂያው አንድም ሰው ብቅ አላለም። አለቃቸው ያልሄደበት ማን ይሄዳል? ከሰዓት በኋላ ልትዘጋ ስትነሳ በሩ ተንኳኳ።

ጋሼ በጥባጩ ናቸው። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ እዚያ ክፍል ገብተው አያውቁም።

«ይበርዳል» አሉ ዙሪያውን እያዩ። «ማሽኑን ነው ወይስ አንቺን ነው የሚያቀዘቅዙት?»

«ማሽኑን ነው፣ ጋሼ።»

«አንቺንም ቢያበርዱሽ ጥሩ ነበር።» ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ትንሽ ሳሉ። «እኔ የተቆጣሁ መስሎሽ ነው አይደል?»

ገመዴ ትከሻዋ ላይ ያለውን ገመድ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ያኔ ያ ጓደኛዬ ሲባረር፣ የምናውቀውን መናገር ፈራን። ሁላችንም ዝም አልን፤ ብቻውን ወጣ። አንቺ ጥፋቴን ፊት ለፊቴ ተናገርሽ፣ ግን ብቻዬን አልተውሽኝም። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፣ ምን ላርግ! ሽማግሌ ሲያለቅስ እንዳይታይ ብዬ ነው የጠፋሁብሽ።» ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «ጡረታውን አልጠይቅም። በይ መዝግቢኝ።»

ገመዴ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገችና ወደ ስክሪኑ ዞረች። ሥራቸውን ሞላች፣ ፈረቃቸውን ሞላች። ፎቶ አነሳቻቸው፤ ሳይስቁ ተነሱ። ከዚያ አዲሱ ፕሮግራም ከሁሉም ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ መጣ።

«እርስዎ ባይገኙ፣ አደጋ ቢደርስብዎ የምንደውልለት ሰው?»

«ልጄ» አሉ።

ጣቶቿ ቆሙ። «ጋሼ… ስም ያስፈልገዋል።»

«ስንት ልጅ አለኝና ነው ስም የምትጠይቂኝ?» ተቆጡ፤ ቁጣቸው ግን ድሮ ትምህርት ቤት ሲሸኟት የነበረው ዓይነት ነው። «ጻፊ እንጂ! ሰው እያስጠበቅሽ ነው።»

ቀና ብላ በሩን አየች። መላው መደባለቂያ ክፍል ኮሪደሩ ላይ ተሰልፏል። ረጅሙ ለመግባት ቸኩሎ ግንባሩን ከበሩ ጋር አጋጭቷል።

ገመዴ የራሷን ስም ጻፈች፤ ፊደሎቹ ተደባልቀውባት አጥፍታ እንደገና ጻፈች። ስልኳን አጎቷ በቃላቸው ነገሯት። ዝምድና የሚለው ባዶ ቦታ ላይ «ልጅ» ብላ ሞላች።